ሱሉልታ ላይ የተበጠሰው ስፌቴ

የልጅ ልጆቼ ንገሪን ካሉኝ ሰነበቱ። ትንሿ መንጃ ፈቃድ ልታወጣ ተመዝግባለች፤ ከትምህርቱ በመጣች ቁጥር አጠገቤ ትቀመጥና «እምዬ፣ እስቲ ያንን የሱሉልታውን፣ ዕቃሽን ከመኪና ያራገፉበትን» ትለኛለች። ሌሎቹም ይሰበሰባሉ። እነሱ የሚያውቁት የሚያስቀውን ነው። የሚያስቀውንማ ስንት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ፤ ድንቹ ጋ ስደርስ እኔን ቀድመው ይጨርሱታል። ከድንቹ በኋላ ያለውን ግን አንድም ቀን አልነገርኳቸውም። ልነግራቸው እጀምርና አፌ መንገድ ይቀይራል፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤቱ ሳወራ ይመሻል። ስለዚህ በደብተር ልጽፈው ተቀመጥኩ። ደብተር ላይ መንገድ የሳተ ሰው ተመልሶ የሳተበትን ያየዋል።

ተማሪ ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ልጆቼ ሲያጠኑ ከጎናቸው ተቀምጬ ስሰፋ ነው፤ እነሱ ጮክ ብለው ሲያነቡ እኔ በዓይኔ እከተላለሁ። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አይፈረድብኝ። በሕይወቴ ቀጥ ያለ ነገር ካለኝ ስፌቴ ነው። ጉዱም የመጣው ከእሱ ነው።

ሦስት ቤት አለኝ፤ አንዱም የኔ አይደለም። ትልቋ ልጄ ሰበታ ናት፣ ወንዱ ቡራዩ ነው፣ ትንሿ ሱሉልታ ናት። አንዱ ጋ ስሰነብት ሌላው ይቀየማል። እውነቱን ለመናገር እነሱ ባይቀየሙም የኔ እግር አይረጋም። ወር ሳይሞላኝ ፌስታሌን አንጠልጥዬ ታክሲ ተራ እገኛለሁ። ኋላ ግን የሰበታዋ ልጄ የመጀመሪያ ልጅ መንዳት ስትችል ታክሲውን ተውኩት። አባቷ ጉልበቱን ካመመው ወዲህ አሮጌ ነጭ መኪናውን ለእሷ ለቆላት ነበርና እሷ ታደርሰኝ ጀመር። እኔም ቀስ በቀስ ዕቃዬን ከመኪናዋ ማውረድ አቆምኩ። ምን ያወርደዋል፤ ነገ ተመልሶ ለሚጫን ነገር።

ይቺ የልጅ ልጄ ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ የሚያነሳውን መኪና፣ ፎርክሊፍት የሚሉትን ትነዳ ነበር። ዝምተኛ ናት። አንድ ቀን የሥራ ጓደኛዋን ማሽን እጇን ያዛት። ሐኪም ቤት የሚያደርሳት መኪና ጠፍቶ በጭነት መኪና፣ ከካርቶን ጋር ጭነው ወሰዷት። የልጅ ልጄ ጭንቅላቷን ደግፋ አብራት ሄደች። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካው አምቡላንስ ሊገዛ ነው ሲባል «እሱን የምነዳው እኔ ነኝ» አለች። ከዚያ በፊት ይሄ ይሁንልኝ ስትል ሰምቻት አላውቅም። አምቡላንሱ እውነትም ተገዛ። ኃላፊዎቹም ነጂውን ከሠራተኛው መካከል እንወስዳለን፣ ግን የአስቸኳይ ጊዜ አነዳድ ተምሮ ወረቀቱን ቀድሞ ላመጣ ነው አሉ። ከእሷ ሌላ አንድ የፋብሪካው ሹፌርም ይፈልገው ነበር።

ይህን የሚያስተምረው ቤት ሱሉልታን አልፎ ወደ ጫንጮ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በሽቦ የታጠረ ሰፊ አስፋልት ነው። በፍጥነት መንዳት ያስተምራሉ ይባላል፤ እኔ እንዳየሁት ግን ዋናው ትምህርት በፍጥነት መቆም ነው። ተማሪው የሚማረው በገዛ መኪናው ነው። ስለዚህ ከተማሪው በፊት መኪናው ይፈተናል። የፍተሻው ለት እኔም ወደ ትንሿ ልጄ ቤት መንገዴ ነው ብዬ ኋላ ወንበር ላይ ተሰይሜ ነበር።

መኪና የሚፈትሹት ረዥም ሽበታም ሰው ነበሩ። ሁሉም ኦቦ ነው የሚላቸው፤ እኔም ኦቦ እንዳልኳቸው ቀረሁ። በመስኮቱ ጎንበስ ብለው «አከም ጅርቱ፣ አዴ» አሉኝ። እናትን ሲያከብሩ አዴ ነው የሚሉት። ካከበሩኝ በኋላ አወረዱኝ፤ ከኔ ቀጥሎ ዕቃዬን። በቡሎን ያልታሰረ ነገር ሁሉ ይውረድ ነው ያሉት። ጃንጥላዬ ወረደ። ነጠላ ጫማዬ፣ የቆሎ ጣሳዬ፣ የጸበል ጀሪካኔ፣ ሁለት ጋቢ፣ የክር ከረጢቴ፣ ለትንሿ ልጄ የያዝኩት ግማሽ ማዳበሪያ ድንች ወረደ። ከኋላ ተራ የያዙት ተማሪዎች ይስቃሉ። አንዱማ «እማማ፣ አልጋውስ?» አለኝ። እኔ ግን ድንቹ ላይ ስንደርስ ተናደድኩ። ድንች ማንን ነካ ብዬ ኦቦን ጠየቅኳቸው።

«አዴ፣ መኪናዋ ፍሬን አላት» አሉኝ። «ድንቹ ግን የለውም።»

ቤተሰቡ ሁሉ እዚህ ጋ ነው የሚስቀው። ወሬውም እዚህ ጋ ያልቃል።

ኦቦ ግን አልሳቁም፤ ሥራቸውን ቀጠሉ። እሳት ማጥፊያው ወንበር ሥር ይንከባለል ነበር፤ ነጂዋ ሳትነሳ እጇ በሚደርስበት ቦታ በብረት ይታሰር አሉ። ባትሪው በጎማ ቁራጭ መታሰሩን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለውን መቁጠሪያ ራሳቸው በክብር ፈትተው እጄ ላይ አኖሩልኝ። ከነጂዋ እግር ሥር ያነጠፍኩትን በጨርቅ ቁራጭ የሠራሁትን ምንጣፍ ጎትተው አወጡት፤ ተሸብልሎ ፍሬን ሥር ከገባ ፍሬኑን አያስረግጥም አሉ። አንድ ጎማ ላይ አንድ ቡሎን ጎድሏል። የልጅ ልጄ ቀስ ብላ ቦሎዋ እኮ አላለፈም አለች። ቦሎው ለመንገድ ነው፣ እዚህ ግን መንገድ ላይ የማይደረግ ነገር ነው የሚደረገው፣ ስለዚህ እዚህ ለብቻው ነው የሚፈተሸው አሏት። እሷም የሚሉትን ሁሉ በወረቀት ትይዛለች።

መጨረሻ ላይ የነጂዋን ቀበቶ ያዙ። ከላይ እስከ ታች በአውራ ጣታቸው እያሹ ወረዱና ከወለሉ አጠገብ፣ ወንበሩ የሚፈትገው ቦታ ላይ ቆሙ። ግማሽ ጎኑ ተበልቷል።

«ይሄ ሄዷል። ይቀየር።»

እኔ መቼም አፌ አያርፍ፣ ይሰፋ ይሆን ወይ አልኩ።

«ሸሚዝ ይሰፋል፣ አዴ» አሉኝ። «ቀበቶ አይሰፋም። ሰፍቶ ያመጣ ተማሪ ከዚህ ግቢ ይወጣል።»

ያ ስለ አልጋ የጠየቀኝ ልጅ እንደገና ሳቀ። ኦቦ በክፉ አልተናገሩኝም፤ ሕጉን ነው የነገሩኝ። እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነው። እጄን የናቁት መሰለኝ። ይሄ ሰውዬ የኔን እጅ ስላላየ ነው አልኩ በልቤ።

ትምህርቱ ሰኞ ጠዋት ይጀመራል። ሰኞ ያልደረሰ ሌላ ዙር ይጠብቃል፤ አምቡላንሱ ደግሞ አይጠብቅም። ድንቹን ትንሿ ልጄ ቤት ጣልንና በዚያው ወደ ቡራዩ ሄድን።

ቡራዩ ያለው ልጄ የመኪና ወንበር የሚያለብስ ስፌት ቤት አለው። ሙያው ከኔ የወረደ ነው፤ ዓይኔ ደህና ሳለ አብሬው ስንት ሚኒባስ አልብሻለሁ። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልናዘዝ። ወንበር የሚያስለብስ ሰው ሁሉ «ቀበቶውን ከሥር ወሽቂልኝ፣ ይንዘላዘላል» ይለኛል። እኔም እወሽቀዋለሁ፤ ማሰሪያውን ከልብሱ ሥር ቀብሬ ከላይ እሰፋበታለሁ። ወንበሩ ያምራል። ለኔ ቀበቶ ማለት ያን ጊዜ ሥራ የሚያበላሽ ገመድ ነበር። ሌላው ደግሞ፣ በዚያ ሰፈር ስሜ የተጠራው አዲስ በመስፋት አይደለም፤ የተቀደደውን እንዳልተቀደደ በማድረግ ነው። «የእሷ ስፌት አይታይም» ይሉኛል። ይህን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን ይደረግ።

ጎረቤት ያሉት መካኒኮች እሳት ማጥፊያውን አሰሩልን፣ ባትሪውን አጠበቁ፣ ቡሎኑን ሞሉ። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ የቀረው ቀበቶው ብቻ ሆነ። ልጄ ስልክ የሚደውልበት ሰው አልቀረም። ለእንዲህ ያለ አሮጌ መኪና የሚሆን አልተገኘም፤ አንዱ ብቻ ከተጋጨ መኪና ላይ ፈትቼ ረቡዕ አመጣለሁ አለ። ልጄም እንግዲህ ሌላ ዙር ትግባ አለ። የልጅ ልጄ ብድግ አለች። ወጣች፤ ሳያት የመኪናዋን መስታወት በጨርቅ ትወለውላለች። ንጹሑን መስታወት ደጋግማ ትወለውላለች። አንጀቴን በላችው።

ልጄ ለቅሶ ሊደርስ ሲወጣ በር ላይ ቆሞ አየኝ። ያውቀኛል።

«እማዬ፣ ያንን ቀበቶ እንዳትነኪው።»

ምን ልነካው ብዬ እጄን ወደ ጉያዬ ሰበሰብኩ። እሱ ከታክሲ ሳይደርስ የልጅ ልጄን ክር ግዢልኝ ብዬ ላክኋትና ቀበቶውን ከሥሩ አስፈታሁት። መካኒኩ ልጄ ያዘዘኝ መስሎት ፈታልኝ። የተበላውን ቆረጥኩ፣ ጫፉን በክብሪት ለበለብኩ፣ ደራረብኩና በከባዱ ማሽን አራት መስመር ወጣሁበት፤ ለጫማ የሚሆነውን ጥቁር ክር ነው የተጠቀምኩት። ሳየው እውነትም አይታይም። ይሁን እንጂ ዓይን ብቻ አይደለም ያለው። ሰበታ ሳለሁ ከዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አንዲት ተማሪ ሹራቧን አስጠግናኝ ነበር። ስመልስላት ጣቷን አሳልፋበት «እዚህ ጋ ነው አይደል፣ እማማ?» አለችኝ። ዓይን ያላየውን ጣት እንደሚያገኘው ያን ጊዜ ነው የተማርኩት። የኦቦ አውራ ጣት ትዝ አለኝ። ስለዚህ ስፌቱን በመዶሻ ቀጥቅጬ አስተኛሁት፣ ሰም ቀባሁት፤ አዲሱ ክር እንዳያበራ ደግሞ ከወለሉ አቧራ ከዘይት ጋር ለውሼ በመዳፌ አሸሁት።

ያንን አቧራ ነው የማልረሳው። መስፋቱን፣ ለልጅ ልጇ አዝና፣ ሩኅሩኅ ሆና ነው ብሎ የሚያልፍልኝ ይገኝ ይሆናል። አቧራውን ግን ለምን ቀባሽ ቢሉኝ ምን እላለሁ? የሚደብቅ ሰው እጅ ነው።

የልጅ ልጄ ስትመጣ ቀበቶው ቦታው ላይ ታስሯል፤ አጎትሽ የሚሆን አግኝቶ ላከ አልኳት። አንገቴ ሥር ገብታ ሳመችኝ። ልጄ ሲመለስ ደግሞ ስለ ቀበቶው እንዳያነሳ ወደ ሰበታ አቻኮልኳት።

ሰኞ ጠዋት ሱሉልታ ሣሩ ነጭ ነበር፤ ውርጭ ጥሏል። ኦቦ መኪናውን ዞሩት። እሳት ማጥፊያውን ነቀነቁ፣ አልተነቃነቀም። ወንበር ሥር እጃቸውን ሰደዱ፣ ባዶ ነው። «ድንቹስ?» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው፤ ቀልድም ያውቃሉ ለካ። ከዚያ ቀበቶውን ያዙ፤ ጎተቱት፣ አውራ ጣታቸውን ከላይ እስከ ታች አወረዱ። ከብርዱ የተነሳ ወፍራም የሱፍ ጓንት አድርገው ነበር። አውራ ጣታቸው ስፌቴን አልፎ ሄደ። «ጋሪ» አሉ፤ ደህና ነው ማለታቸው ነው። እኔም ስለ ብርዱ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ሰው በምን በምን ያመሰግናል።

ተማሪዎቹን ያመጡ ሰዎች የሚቀመጡበት አግዳሚ ከአጥሩ ሥር አለ። እዚያ ጋቢዬን ተከናንቤ ጃንጥላዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ለተማሪዎቹ ሄልሜት አደሏቸው። የልጅ ልጄ ሄልሜቱን አጥልቃ ስትዞር የሌላ ሰው ልጅ መሰለችኝ፤ እጇን አነሳችልኝ። ትምህርቱ እንዲህ ነው፤ ከዚያ ጫፍ በፍጥነት ይመጣሉ፣ ብርቱካናማዎቹ ኮኖች ጋ ሲደርሱ ፍሬን ባንዴ ረግጠው መኪናዋን ማቆም ነው። መጀመሪያ ቀስ ብላ መጣች፣ ቆመች። ሁለተኛ ፈጠን ብላ መጣች፣ ቆመች። አሠልጣኙ አጨበጨበ። ከጎኔ ያለችው ሴትዮ የማን ልጅ ናት ስትል የኔ ናት አልኩ።

ሦስተኛው ላይ መኪናዋ ስትቆም የልጅቷ ራስ ወደ ፊት ሄደ። መሪው ላይ ሲያርፍ የተሰማው ድምፅ ትንሽ ነው። በር እንደ መዝጋት ያለ።

ሰው ሁሉ ሮጠ። እኔም ሮጥኩ፣ እግሬ እንደቻለው። ስደርስ በሩ ተከፍቷል። እዚህ ጋ ብዕሬ ይቆማል፤ ግን ልጽፈው ብዬ ነው የተቀመጥኩት። መጀመሪያ ያየሁት እሷን አይደለም። መጀመሪያ ያየሁት ቀበቶውን ነው፤ የተበጠሰው ስፌቴ ላይ ነው ወይስ ሌላ ቦታ ብዬ። ስፌቴ ላይ ነው። አራቱም መስመር ተተርትሮ ክሩ እንደ ጢም ቆሟል። ከዚያ በኋላ ነው እሷን ያየሁት። ከንፈሯ ተሰንጥቋል፣ የፊት ጥርሷ ተሸርፏል፣ ደሙ በአገጯ ይወርዳል። ሄልሜቱ ግንባሯን አድኗታል።

ደሙን ሲያቆሙላት ኦቦ ጓንታቸውን አውልቀው የተበጠሰውን ጫፍ በባዶ እጃቸው ይዘው መጡ። አገላበጡት። አቧራውን በጥፍራቸው ፋቁት።

«ይሄን ማን ነው የሰፋው?»

የልጅ ልጄ ከእጃቸው ላይ አየችው። የኔን ስፌት ከሩቅ ታውቃለች፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ዩኒፎርሟን የሰፋሁላት እኔ ነኝ። አንዴ ስፌቱን አየች። ወደ እኔ ግን አላየችም፤ ካየችኝ ሌላውም እንደሚያየኝ ገብቷታል። መሐረቡን ከአፏ አነሳችና ተናገረች።

«እኔ ነኝ።»

«በምን ሰፋሽው?»

«በመርፌ።»

እኔ ከእነሱ አራት እርምጃ ላይ ቆሜአለሁ። አራት እርምጃ ነው፤ ኋላ በልቤ ስንት ጊዜ ሄጄበታለሁ። አፌን ከፍቼ ነበር። ያ ስለ አልጋ የጠየቀኝ ልጅም አጠገቤ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያቺ ዕቃዋን ያራገፉባት አሮጊት ናት የሰፋችው ሲባል ታየኝ። የጃንጥላዬ እጀታ ላይ ያለውን አበባ አየሁ። አበባውን እስካሁን ልስለው እችላለሁ።

ኦቦ መዝገባቸውን ከፈቱ። ቶሎ አልጻፉም። ቀና ብለው «ሌላ የሚናገር አለ?» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግመው ጠየቁ። ለተማሪዎቹ መሰለኝ። ከዚያ ወደ እኔ መጡና ደንግጠዋል ውሃ ላምጣልዎት አሉኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ አልፈልግም አልኩ። አጠገቤ ቆሙ። ለምን እንደቆሙ አልገባኝም፤ ደግሞ እንዲሄዱልኝ ጸለይኩ። ሄዱ። ለእሷም መኪናሽን ይዘሽ ውጪ አሏት።

ከንፈሯን ካሰፋን በኋላ እሷ ወደ ሰበታ ተመለሰች። እኔን ሱሉልታ ትንሿ ልጄ ቤት አወረደችኝ። መንገዱን ሙሉ ስለ ቀበቶው አንድ ቃል አልተናገረችም። ስወርድ ብቻ፣ አፏ እንዳበጠ፣ ጋቢሽን እንዳትረሺ አለችኝ።

ትንሿ ልጄ ቤት ከዚያ ግቢ ሩቅ አይደለም። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ በበሩ ነው የማልፈው። ማክሰኞ ሳልፍ ኦቦ ከበሩ ውጪ በፕላስቲክ ወንበር ፀሐይ ይሞቃሉ። ተነስተው «አከም ቡልተን፣ አዴ» አሉኝ፤ ልጅቷ እንዴት ናት ብለው ጠየቁኝ። ደህና ናት ብዬ ሳልቆም አለፍኩ። ረቡዕም እዚያው ተቀምጠዋል። ያን ቀን ልናገር ቆርጬ ነበር የወጣሁት፤ በሩ ጋ ስደርስ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ። ሐሙስ በበሩ አልሄድኩም። በባሕር ዛፉ ውስጥ ዞሬ ጭቃ ስረግጥ ሄድኩ። እኔ፣ እግሬ አያርፍም የምለው ሴትዮ፣ እነዚያን ሃምሳ እርምጃዎች መሄድ አቃተኝ።

አምቡላንሱን ያ ሌላው ሹፌር ወረቀቱን አምጥቶ ወሰደው። እሱም ደህና ልጅ ነው፤ እሱን አልከሰውም። የልጅ ልጄ ዛሬ የሠራተኛ ሰርቪስ ትነዳለች፤ ጠዋት ማታ ሰው ታመላልሳለች። ሠራተኛው ይወዳታል። ግን ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፤ ድሮ እንዲህ አትስቅም ነበር። ልጆቹ እንዳባቷ ዓይን አፋር ሆና ይመስላቸዋል። እኔ አንድ ጊዜ፣ ብቻችንን ሆነን አተር ስንለቅም፣ ያ ነገር እኮ ብዬ ጀመርኩ። «ተይው፣ እምዬ፤ አተሩ ላይ ድንጋይ አለበት» አለችኝ። ተውኩት። ይቅርታም መጠየቅ ሳትፈቅድልኝ ቀረች ብዬ በእሷ ላመካኝ እሞክር ነበር። ዓመት ሙሉ እንደዚያ ስል ኖርኩ።

ከዚያ ወዲህ ሚኒባስ ስሳፈር ከወንበሩ ልብስ ሥር የተቀበረ ቀበቶ እንዳለ በእጄ እፈልጋለሁ። ካገኘሁ ትንሿን መቀሴን አውጥቼ ስፌቱን እተረትራለሁ፤ ቀበቶውን ወደ ላይ አወጣዋለሁ። የቡራዩ ሾፌሮች ለምደውኛል። «መጣች፣ ወንበራችንን ልትቀድ» ይባባላሉ። ከተረተርኩት ውስጥ ስንቱ የገዛ ስፌቴ እንደሆነ እነሱ አያውቁም፤ እኔ አውቀዋለሁ፣ ቀጥ ያለ ነው።

ባለፈው ዓመት፣ ነገሩ ካለፈ ብዙ ፋሲካ ሆኖት፣ ከትንሿ ልጄ ጋር ጫንጮ ገበያ ሄድን። እህል መደብር በር ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ ኦቦ ናቸው። ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሎ ሥራውን ትተው ልጃቸው ጋ ገብተዋል። ቀድመው ያወቁኝ እሳቸው ናቸው፤ ድንቹስ አሉኝ። እኔ ግን መሳቅ አልሆነልኝም። ልጄ ስንዴ ስታስመዝን አጠገባቸው ተቀመጥኩና ሳልዘጋጅ ከአፌ ወጣ። ያንን ቀበቶ የሰፋሁት እኔ ነኝ አልኳቸው።

ምንም አልደነገጡም። «አውቃለሁ» አሉ። «ልጅቷ በመርፌ ነው አለች። ስፌቱ የማሽን ነበር።»

ካወቁ ታዲያ ለምን አባረሯት አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ ቁጣ ሊሆንልኝ ፈልጌ፣ አልሆነም። እሳቸው ቀስ ብለው ነው የመለሱልኝ። ሕጉ የሚለው ሰፍቶ የደበቀ ተማሪ ይውጣ ነው፤ የደበቀው ሌላ ሰው ከሆነ እሷ የምትወጣበት ምክንያት የለም። የግቢውን መኪና አውሰዋት ትምህርቷን ልትጨርስ ትችል ነበር። ግን ከገዛ አፏ እኔ ነኝ ብላለች። ያንን ቃሏን ሊያፈርስ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሰኞ ለት ስሟን ከመዝገቡ አልሰረዙትም፤ የሰረዙት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው።

ልጄ ስንዴውን አስቋጥራ ጠራችኝ። ልነሳ ስል ኦቦ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«እኔ እኮ በር ላይ የምቀመጥ ሰው አይደለሁም፣ አዴ» አሉኝ። «ሥራዬ ውስጥ ነበር። እነዚያን ሦስት ቀን ወንበሬን ወደ ውጪ ያወጣሁት አንቱ በዚያ እንደሚያልፉ ሰዎች ስለነገሩኝ ነው።»